ለሄክተር ሐውልት ያሰቡለት ጠላቶቹ

ሞርቨን ደብዳቤውን ሦስቴ አነበበችው፣ ሦስቴም ጮኸች። መጀመሪያ በድንጋጤ፣ ቀጥሎ በሳቅ፣ ሦስተኛው ግን የንዴት ነበር፤ ምክንያቱም ደብዳቤው የመጣው ከብራኖክ ነዋ! ከወንዙ ማዶ ካለችው ከተማ! ከነዛ ጉረኞች!

«አባባ፣ ሐውልት ሊያቆሙልህ ነው!»

አያቷ ሄክተር ባልፎር ሻይ እየጠጣ ነበር። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ በቀዶ ጥገና የገቡ ብረት ናቸው፤ አፍንጫው ደግሞ ስንቴ እንደተሰበረ ራሱም አያውቅም።

«ማነው የሚያቆመው?» አለ።

«ብራኖኮች።»

ሻዩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

በከተማቸው በኢንቨርላርን የሄክተርን ጉድ የማያውቅ ሕፃን የለም። ለከተማዋ ቡድን አሥራ ስድስት ዓመት ተከላካይ ሆኖ፣ አራት መቶ አሥራ አንድ ጨዋታ ተጫውቷል። ሁለት ጥርሱን እዛው ሜዳ ላይ ጥሏል። አንዴማ የጎኑ አጥንት ተሰብሮ በፎጣ አሳስሮ ጨርሷል! ይሄን የሚያስታውስ አንድ ሰው አለ? የለም! የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው። የዋንጫ ፍፃሜ፣ ከብራኖክ ጋር፣ ዜሮ ለዜሮ፣ የመጨረሻዋ ደቂቃ። ሄክተር ኳሷን ለበረኛው መለሰለት። በረኛው ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነበር። ኳሷ ደግሞ አትሮጥም እኮ፣ ቀስ ብላ፣ ገበያ እንደወጣች አሮጊት ግራ ቀኝ እያየች ራሳቸው መረብ ውስጥ ገባች፤ ዋንጫውም ለብራኖክ ሆነ።

ይሄ ከሆነ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ከዛ ወዲህ ቡድኑ ፍፃሜ ደርሶ አያውቅም፤ ጥፋቱ የሄክተር ነው። ዝናብ ሲበዛም የሄክተር ነው። ዳቦ ቤት ሲገባ የቤቱ ባለቤት ሴንጋ በሊጥ የተጋገረውን የሥጋ ፓይ ስትሰጠው «ያዘው እንግዲህ፣ ወደ ኋላ እንዳትመልሰው!» ትለዋለች። በየቀኑ! ያቺኑ ቀልድ! ሰልፍ የያዘው ሰውም ገና ዛሬ እንደተፈጠረች ነው የሚስቀው።

ሞርቨንን የሚያንገበግባት ግን ቀልዱ አይደለም። ሁሌ ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት አንድ የድሮ ተጫዋች ሜዳውን ይዞራል፣ ሕዝቡም ተነስቶ ያጨበጭብለታል። ሁሉም ተጠርቷል! ሦስት ጨዋታ የተጫወተው ተጠርቷል። አንድ ጨዋታ ተጫውቶ በቀይ ካርድ የወጣው ተጠርቷል። ማልያ አጣቢው እንኳ ሁለቴ ዞሯል! ሄክተር ግን አንዴም። እሱ ግን ምናልባት ከጠሩኝ ብሎ ሁሌ ቅዳሜ ክራቫት ያስራል።

«እምቢ በላቸው እንጂ!» አለችው።

«እምቢ ነው የምለው። ብራኖክ መሀል ልቆም? ብሞት ይሻለኛል።» ሻዩን አንስቶ ፉት አለና፣ «ከነሐስ ነው ያሉት?» አለ።

«አባባ!»

«መጠየቄ ነው እኮ።»

ሞርቨን ጃኬቷን ለብሳ ቀጥታ ዳቦ ቤት። «ሴንጋ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ይሄ ኢንቨርላርን ውስጥ በድምፅ ማጉያ ከመናገር ይፈጥናል። ምሳ ሰዓት ላይ የቡድኑ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሊቀመንበሩ ሚስተር ጊልክሪስት ዝናብ እያንጠባጠበ የነሄክተር በር ላይ ቆሟል።

«ሄክተር፣ የሰማነው እውነት ነው?»

«ነው።»

«ይሄ ስርቆት ነው! ያንን ጎል ያገባኸው በኛ ማልያ ነው! የኛ ቅሌት ነህ! አርባ አምስት ዓመት ተንከባክበን ያቆየነውን ቅሌት እነሱ ከየት መጥተው ነው የሚያከብሩት?»

«እናንተስ ምን አድርጋችሁለት ታውቃላችሁ?» አለች ሞርቨን።

«ምን ያላደረግነው አለ? አንድ ቀን ሳንሰድበው ውለን እናውቃለን? ለማንኛውም ኮሚቴው ወስኗል። ሽንት ቤቱን በስሙ እንሰይማለን። የወንዶቹን።»

«አዲሱን ነው?» አለ ሄክተር።

«አባባ፣ ዝም በል! ሚስተር ጊልክሪስት፣ የፊታችን ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት ሜዳውን ይዞራል። አለበለዚያ ሰኞ ብራኖክ ሄዶ ለሐውልቱ ቁመቱን ያስለካል።»

ሰውየው አመድ መሰለ። «ቅዳሜ? ቅዳሜ እኮ የምንጫወተው ከራሳቸው ከብራኖክ ጋር ነው! ልጄ፣ ሕዝቡ ይበላዋል።»

ሄክተር ጉሮሮውን ጠረገ። «ይብላኝ» አለ። «ግን ልዙር።»

ቅዳሜ ደረሰ። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው አጋማሽ ዜሮ ለዜሮ አለቀና ስሙ ተጠራ። ሄክተር ክራቫቱን አስሮ በዛ በብረት ጉልበቱ ወጣ።

ከዛማ ኡኡኡኡ! የጉድ ነው እናንተ! ያቺ ጎል ስትገባ ገና ያልተወለደው ሁሉ ይጮህበታል። አንዷ አሮጊት እንደልቧ ለመጮህ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውጥታ ኪሷ ከትታለች። ሞርቨን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ምን አባቴ አስገባኝ! እኔው ነኝ ያስበላሁት! ሄክተር ግን ማንንም ሳያይ እየተራመደ ብራኖኮች ወዳሉበት ጥግ ደረሰ።

ብራኖኮች አንድ ላይ ብድግ አሉ። አጨበጨቡ። ዘፈኑ!

«ሄክተር የኛ! ሄክተር አጥቂያችን!»

የዚህኛው ወገን ኡኡታ በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ። ከሞርቨን አጠገብ የተቀመጠው ሽማግሌው ዩዋርት፣ ሄክተርን አርባ አምስት ዓመት ሰላም ብሎት የማያውቀው፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እጃችሁን አንሱ ከሱ ላይ!» ብሎ ጮኸና ማጨብጨብ ጀመረ። ሴንጋ ተከተለች። አሮጊቷ ያለጥርሷ ተከተለች። ከዛ ጥላ ፎቁ በሙሉ! «የኛ ነው! የኛ ነው!» ብራኖኮች ሲጨምሩ እነዚህ ይጨምራሉ፤ እነዚህ ሲብሱ እነዛ ይብሳሉ። ተጫዋቾቹ ወጥተው ቆመው ይጠብቃሉ፣ ዳኛው ፊሽካውን ቢነፋ ማን ይሰማዋል! ሄክተር መሀል ላይ ቆሞ ወደየት እጁን እንደሚያወዛውዝ ጠፍቶት፣ ክራቫቱ በነፋስ ትከሻው ላይ ወጥቶ።

ብራኖኮች ዝም ቢሉ ኖሮ አንድም የኢንቨርላርን ሰው አያጨበጭብም ነበር፤ ይሄን ሞርቨንም ታውቃለች፣ ሄክተርም ያውቃል። ግን ጭብጨባ ምክንያቱን አይናገርም! አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች።

ሄክተር ተመልሶ መቀመጫው ላይ ሲደርስ ዩዋርት ወደ ጎን ጠጋ አለለት።

«ወደንህ እንዳይመስልህ» አለው።

«አልመሰለኝም።»

«ጥሩ። ሐውልቱንስ?»

ሄክተር ተነፈሰ። «እምቢ እላቸዋለሁ። ነሐስ ነበር ግን።»

ጨዋታው ቀጠለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የኢንቨርላርኑ ተከላካይ ኳሷን ሊመታ እግሩን ሰንዝሮ ሳታት፣ ጭቃው ላይ በቂጡ ዘጭ አለ። የብራኖኩ አጥቂ ዘሎት አልፎ አገባ። ጥላ ፎቁ በድንጋጤ ደረቀ። ከዛ ከላይ አንዱ ጀመረ፣ ሁሉም ተቀበለው።

«አንተ ቆሻሻ! ሄክተር እንኳ ከአንተ ይሻላል!»

ዩዋርት ወደ ሄክተር ዞሮ አየው። ሞርቨንም አየችው። ሄክተር ሁለቱን ጉልበቶቹን በእጁ ተደግፎ ተነሳ፣ ደረቱን ነፋ፣ መዳፎቹን አፉ ላይ አድርጎ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

«በጣም ነው የምሻለው!»