የኋላው ፓራፋንጎ

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ መኪና አጋጭቶ ዋለን የማያውቅ የለም። ዋለ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ ላሜራ ቀጥቅጦ ወደ ቅርጹ የሚመልስ። ባትላሜራነት ግን ክፉ ሙያ ነው። ቆርጠህ፣ በይደህ፣ አቃንተህ ስትጨርስ ቀለም ቀቢው ይመጣና ድካምህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ሸፍኖም አይበቃው፣ ምስጋናውን ይዞት ይሄዳል።

ቀቢው አጵሎስ ነበር። ከዋለ ጋር በአንድ ጋራዥ፣ በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። በዕድሜ ያንሰዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ኳየር ይዘምራል፤ ሳቁ ቅርብ ነው፤ ሰው ይወደዋል። ዋለን የሚያበግነው ይኸው ነበር። መጥፎ ሰው ቢሆንለት ምን ነበረበት?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ውሸት ነው፤ አጵሎስን አድምቆታል። ባለመኪናው ሁሉ በሚያበራው ቀለም ላይ ፊቱን እያየ «አጵሎስ አዲስ አደረጋት» ይላል። የዋለ ሚስት ሐዳሳ እንኳ አንድ ማታ «ሳሎናችንንም አጵሎስ ቢቀባልን» ብላ እራቱን አንጀቱ ላይ አስቀርታበታለች።

ለዋለ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። በጋራዡ ውስጥ ራሱ ያወጣው ሕግ አለ፦ ዋለ «ጨርሻለሁ» ያለውን ላሜራ ማንም አያንኳኳም። ላሜራ ሲንኳኳ ይናገራል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ጉድለቱ ስቱኮ በሚባል ሊጥ ተሞልቶ የተደለለው ዱብ ብሎ ይቀራል። አጵሎስ አዲስ በገባ ሰሞን የአንድ መኪና በር በጣቱ ቢያንኳኳ፣ ዋለ «ሌባ ነኝ?» ብሎ ስንት ቀን አኩርፎታል። ከዚያ ወዲህ አጵሎስ ከዋለ እጅ የወጣውን ሁሉ አምኖ ይቀባል።

በግንቦት የጋሼ ሰይፈሥላሴ ቮልስ መጣች። ጋሼ የከተማውን እኩሌታ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሰማያዊዋ ቮልስም የአባታቸው ነበረች። ግቢ ውስጥ ቆማ ባሕር ዛፍ ወድቆባት የፊት ኮፈኗ ሰርጉዷል፤ ዙሪያዋንም ዝገት በልቷታል። እንደዚህ ያለ ኮፈን አሁን ከየት ይገዛል? ዋለ አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ አስተኝቶ፣ በእንጨት መዶሻ እየደባበሰ ወደ ልጅነቷ መለሳት። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ሥራ አልሠራም፤ ያንንም ያውቃል።

ኮፈኗ ቀድማ ተቀብታ ግድግዳ ተደግፋ ሳለች ጋሼ መጡ። ዋለን በሰላምታ አልፈው፣ ጎንበስ ብለው ጉብታዋን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ዋለ ያቃናውን ጉብታ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ የአጵሎስን እጅ ያዙ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ። አባቴን መለስክልኝ።»

«ወንድም ዋለም ደክሞበታል ጋሼ» አለ አጵሎስ።

ደክሞበታል! ውሃ እንዳቀበለ ሰው። ዋለ አንድ ቀን ለእሱም እንዲባልለት የሚመኛት ምርቃት ያቺው «እጅህ ይባረክ» ነበረች፤ ዓይኑ እያየ ለሌላ ተሰጠች።

የቀረው የግራው የኋላ ፓራፋንጎ ብቻ ነበር፤ ጎማውን የሚያቅፈው ላሜራ። ታችኛውን ጠርዝ ዝገት ጨርሶታል። ወጉ የበሰበሰውን ቆርጦ ጥሎ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው። ዋለ አልቆረጠም። ዝገቱን በላይ በላዩ ፈቅፍቆ ስቱኮ ለጠፈበት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ክረምት ሲገባ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ዝገቱ ከሥር ተነሥቶ ቀለሙን እንደሚያፈላው ያውቃል። ቀለም ሲፈላ ደግሞ የሚወቀሰው ቀቢው ነው።

«ጨርሻለሁ» አለ። አጵሎስ ሳያንኳኳ ቀባው።

በዚያ ክረምት ለዝናብ እንደ ዋለ የጓጓ ገበሬ አልነበረም። በዘነበ ቁጥር ቆርቆሮውን እየሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስታው ግን እንቅልፍ አይሰጠውም።

ለመስቀል ጥቂት ሲቀረው ጋሼ ሰይፈሥላሴ ቮልሷን እየነዱ መጡ። ለበዓሉ ዱራሜ ልጃቸው ጋ ሊሄዱባት ነው። ወርደው ወደ ፓራፋንጎው ጠቆሙ። ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ቋጥሯል።

«አጵሎስ፣ ምነው ልጄ?»

ዋለ መዶሻውን ይዞ ቀና አለ። የጠበቀው ቀን ደረሰ፤ ደስ አለው፣ ለምን ይዋሻል።

«የእኔ ጥፋት ነው ጋሼ» አለ አጵሎስ፣ ለአፍታም ሳያመነታ። «ሳይደርቅ ደርቤበት ይሆናል። አሁን እፍቀዋለሁ።»

መፋቂያውን ሲያነሣ ነው ዋለ የደነገጠው። የፈላ ቀለም እስከ ላሜራው ድረስ ይፋቃል። ይህን የጋራዥ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዋለም ያውቃል። ቅናቱ ግን ክረምቱን ሁሉ የአጵሎስን ውርደት ብቻ ሲያሳየው፣ ይህችን አላሳየውም።

«ተወው፣ እኔ እፍቀዋለሁ» አለ ተንደርድሮ።

«የለም ወንድም ዋለ፣ ለራሴ ጥፋት አንተን አላደክምም።»

ሰማያዊው ቀለም ተላጠ። ከሥሩ ስቱኮው መጣ፣ ወፍራም። ስቱኮው ሲረግፍ ከሥሩ ቀዩ ዝገት ወጣ። አጵሎስ እጁን ገታ። ከዚያም እስከ ዛሬ ያልደፈረውን አደረገ፤ ፓራፋንጎውን በጣቱ አንኳኳ።

ዱብ።

ዞሮ ዋለን አየው። አልተቆጣም፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር። ዋለ ስድቡን ጠበቀ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ የሚጠላበት ምክንያት ያገኝ ነበር።

«ላሜራውስ ደኅና ነው?» አሉ ጋሼ ከበስተኋላ ቀረብ እያሉ።

አጵሎስ ዝገቱን በሰውነቱ ከለለው። «ቀለሙ ነው ጋሼ። የዋለ ላሜራ ምን ይሆናል ብለው ነው? ነገ ከሰዓት ይምጡ፣ ለበዓሉ ትደርሳለች።»

«ጥፋቱን የሚያምን ባለሙያ አንተን አየሁ» አሉት። ከዚያ ወደ ዋለ መጡና ጥላሸት የጠገበ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የአንተ ላሜራ ደግሞ ከዝናብም ይበረታል። እጅህ ይባረክ ዋለ።»

ጋሼ ከወጡ በኋላ አጵሎስ ፓራፋንጎውን ፈትቶ ከላሜራ መቀሱ ጋር ዋለ እግር ሥር አኖረው። «ቁረጠው» አለና ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

ዋለ ቁጢጥ ብሎ ዝገቱን መቁረጥ ጀመረ። እጁ ላይ የጋሼ መዳፍ ሙቀት ገና አልጠፋም። ስንት ዓመት የተመኛትን ምርቃት አገኛት፤ እሷንም የሰጠው አጵሎስ ነው።