አለቃችንን ማማት

ኦዴንሴ ከተማ ውስጥ የቤት መስኮት በምንሸጥበት ቢሮ አርብ አርብ ጠዋት ተራ የደረሰው ሰው ዳቦ ገዝቶ ይመጣል፤ ሁላችንም ባንድ ጠረጴዛ ቁርስ እንበላለን። አለቃችን ፕሬበን ግን ተራው ሲደርስ የትናንት ዳቦ ይዞ ይመጣል። የሌላው ተራ ሲሆን ደግሞ አንድ ዓይኑ ቅቤያችን ላይ ነው። «ኧረ ሊስቤት፣ ቅቤውን ከማወፈርሽ የተነሳ የጥርስሽ ልክ ወጥቶበታል እኮ!» ይላል። ከዚያ ቡናውን ይዞ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል።

እውነተኛው ቁርስ የሚጀመረው ያኔ ነው። ባልደረባችን ቶርኪል የፕሬበንን አረማመድ፣ ሊስቤት ድምፁን ያስመስላሉ፤ እኔ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። ሳቃችን ሳይበርድ ስልካችንን እናነሳለን፤ ደንበኛውም የሳቅ ድምፅ ሲሰማ መስኮት ማዘዝ ያምረዋል። በሽያጭ የሚደርስብን ሌላ የድርጅቱ ክፍል አልነበረም።

ዋናው መሥሪያ ቤት የዚህን ምስጢር እንድታጠና ቪቤከ የምትባል የደስታ ባለሙያ ላከብን። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቪቤከ ቢጫ ኳስ ይዛ መጣችና ፕሬበንን ጨምራ ክብ ሠርታ አቆመችን። ኳሱ የደረሰው ሰው የደስታውን ምንጭ ይናገራል ተባለ።

«ቶርኪል፣ ጠዋት ጠዋት እየሮጥክ ወደ ሥራ የሚያመጣህ ምንድን ነው?» አለች።

ቶርኪል መዋሸት አያውቅበትም። «ፕሬበን» አለ።

ሊስቤት ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳ፣ «እኔም ፕሬበን» አለች። እኔስ ምን ልበል? «ያለ ፕሬበን እዚህ አንድ ቀን አልውልም» አልኩ። ሦስታችንም እውነታችንን ነበር።

ፕሬበን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እኔ እኮ… የምትጠሉኝ ይመስለኝ ነበር» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ጉዳችን ያን ዕለት ጀመረ። ሰውየው ተወደድኩ ብሎ ተለወጠ። ትኩስ ዳቦ ይገዛል፣ «ቅቤ ጨምሪ እንጂ ሊስቤት» ይላል። ይባስ ብሎ ክፍሉ መግባቱን ተወና እኛው ጋ ተቀምጦ የልጆቻችንን ጤንነት በየስማቸው ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው በምን ይታማል?

ሐሜቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ እኛው ዞረ። ቶርኪል፣ ሊስቤት ስታኝክ ድምፅዋ ጎዳና ድረስ ይሰማል አለ። ሊስቤት ደግሞ፣ ጉድሩን መስኮት እየከፈተች በብርድ ልትገድለን ነው ብላ እኔን ከሰሰች። እኔም ዝም አላልኩም። የብርዱ ወራት ሳያልፍ ሦስታችን ተኳረፍን፤ ሽያጩም አዘቀዘቀ። ዋናው መሥሪያ ቤት እስከ ፋሲካ ካላሻሻላችሁ የሽያጭ ክፍላችሁ ይዘጋል አለን። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል? እንቅልፍ አጣሁ።

ሲጨንቀኝ ፕሬበንን ለብቻው ክፍሉ ይዤው ገባሁ።

«እውነቱን ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። ደስታችን አንተ አልነበርክም፤ አንተን ማማቱ ነበር፤ ሐሜቱ ሲቀር ሽያጩም ወረደ።»

«በሩ ተዘግቶ እንኳ የምሰማው ያ ሁሉ ሳቅ…»

«አዎ።»

«በእኔ ነበር?»

«ቶርኪል አረማመድህን ሲችልበት!» አልኩት፤ ወዲያው ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ።

ፕሬበን ወደ በሩ ዞሮ አየ። ዕድሜ ልኩን ሰው እንዲወደው ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነበር፤ አንጀቴን በላው።

«ክፍሉ ከተዘጋ አንቺም ትባረሪያለሽ?»

«ሁላችንም።»

«በቃ፣ እሺ። ሂጂ ወደ ሥራሽ።»

በማግስቱ ቶርኪል የታመመ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሲነሳ፣ ፕሬበን በሁላችን ፊት፣ «ልጁንም የወለድከው በሥራ ሰዓት ነው እንዴ?» አለው። ክፍሉ ገብቶ በሩን ድርግም አደረገው።

«ሰማችሁት?» አለች ሊስቤት። ቶርኪል ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወንበሩን ወደ እኛ ጎተተ። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረው ሳቁ። ከፋሲካ በፊት ሽያጩ አንሰራራ፤ ቪቤከም መጥታ፣ ይሄ የኳሱ ፍሬ ነው ብላ ፎቶ አነሳችን።

እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝ አለ። አንድ ቀን ሁሉም ሲወጡ ፕሬበን ካፖርቱን እየለበሰ አጠገቤ ቆመ።

«ዛሬስ ጥሩ አድርገው አሙኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በደንብ ነው ያሙህ።»

«አንቺስ ሳቅሽ?»

ዓይኑን አየሁት። «ከሁሉም በላይ» አልኩት።

ፕሬበን እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።