የዛካር ካልሲ

«አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ በጥር ብርድ ከትራም ሐዲድ ጋር ተጣብቃ ትቅር!» አለ ዛካር፣ ከሚስቱ የሬሳ ሳጥን ራስጌ ቆሞ።

እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ የቤቱ መስታወቶች በአንሶላ ተሸፍነዋል። ኔሊ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ጠረጴዛው ላይ ባረፈው ሳጥን ውስጥ ተጋድማለች። አጥበው ያለበሷት ጎረቤቶች እግሯ ላይ ምን ይደረግ በሚለው መስማማት አቅቷቸው፣ «ባልየው ይምረጥ» ብለዋል። እኩለ ቀን ላይ ሳጥኑ ይዘጋል።

ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ እማማ ፍዮክላ፣ ወፍራሙን የሱፍ ካልሲ ጨብጠዋል። «አፈሩ እኮ እንደ ድንጋይ በርዷል፣ ልጄ! በዚህ በስስ ስቶኪንግ ልትሰዳት ነው? የዓሣ መረብ እንኳ ከዚህ ይሻላል።»

ስቶኪንጉ ኔሊ በረዶ ላይ ስትንሸራተት ታደርገው የነበረ፣ የቆዳ ቀለም ያለው ረጅም ስስ ካልሲ ነው። አብራት ትንሸራተት የነበረችው ታማራ ጭኗ ላይ ዘርግታ ታለሰልሰዋለች።

«ምን ምርጫ አለው?» አለ ዛካር። «ካልሲውን የሠራሁት እኔ! የምነዳውን ትራም መጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁሜ፣ በገዛ እጄ! በውድድሩ ዕለት ይህን አድርጋ ስትገባ ሠላሳ ሺህ ሰው ብድግ አለ።»

«አዳራሹ አራት መቶ ሰው አይችልም» አለች አንዷ ሻይ እየቀዳች።

«የቆሙትንስ ቆጠርሽ? ከካልሲው ሙቀት የተነሣ በረዶው ከሥሯ ቀለጠ፤ ዳኞቹ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ! አየር ላይ ወጥታ መዞር ስትጀምር ደግሞ መውረድ እምቢ አለች። በልመና ነው ያወረድናት!»

ሴቶቹ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ሳቁ። «አንተ ቀጣፊ! ለቅሶ ቤት እንኳ አታርፍም?»

ዛካር ግን በሐሳቡ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። በየማለዳው በበረዶ አዳራሹ የልብስ መቀየሪያ ክፍል በር ላይ ካልሲውን ጠቅልሎ ሲሰጣት፣ ኔሊ በሁለት እጇ ተቀብላ ቀዝቃዛ አፍንጫውን ትስመዋለች። «አንተ ባትኖር ጣቶቼ ረግፈው ያልቁ ነበር» ትለዋለች። ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ እሱም ወደ ትራሙ ይሮጣል። ከጣቶቿ ላይ ብርድ ሲያባርር የኖረ ሰው ዛሬ ባዶ እግሯን ቢሰዳት ምን ባል ይባላል?

ካልሲውን ከእማማ ፍዮክላ ተቀበለ።

«ዛካር» አለች ታማራ ቀስ ብላ። «በውድድሩ ዕለት አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። ኔሊም ሁለቴ ወድቃ እያለቀሰች ነው የወጣችው። ያንን ካልሲ ደግሞ በረዶ ላይ አንድም ቀን አላደረገችውም። የበረዶ ጫማው ልክክ ያለ ነው፤ ወፍራም ካልሲ ከገባበት እግር ይታፈናል፣ ደሙ አይዘዋወርም፣ ብርዱም ይብሳል።»

ሻይ የምትቀዳዋ ሴት እጇን ገታች። ዛካር ወደ ታማራ ዞረ።

«ታዲያ… ለምን አልነገረችኝም?»

«ምን ብላ ትንገርህ? ከበረዶው ወጥታ ጫማዋን ገና ሳትፈታ ‹የዛካርን አቀብይኝ› ነበር የምትለኝ። እሱን አጥልቃ ነበር ወደ ቤት የምትመጣው።»

ዛካር ካልሲውን አገላበጠ። ተረከዙ ሳስቷል፤ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። እሱ አልነበረም የጣፈው።

«ስቶኪንጉን አድርጉላት» አለ።

ሴቶቹ ሲጨርሱ ዛካር ካልሲውን በየማለዳው ያደርግ እንደነበረው አንዱን በአንዱ ውስጥ ጠቀለለ። እግሯ ላይ አላደረገውም። ከጎኗ፣ እጇ ከሚደርስበት ቦታ ወሸቀላት።