የቅዳሜ ጠዋት ኮፒ

የእህቴን ባል ቤተሰቡ በሙሉ «ሊቁ» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ለሽሙጥ። እሱ ግን ሹመት መስሎት ተቀበለው፤ ስልክ ሲያነሳ ሁሉ «አዎ፣ ሊቁ ነኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ የታላቅ እህቴ ባል ነው፣ ወጉ ነው። እዚህ ግን አይሰማኝምና «እሱ» ይበቃዋል።

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። መዝገብ ቤት ማለት ፋይል ጠይቆ የመጣ ሰው «ነገ ተመለስ» የሚባልበት ክፍል ነው። ከዚያ ይዞት የወጣው አንድ እምነት ነው፦ ካርዱ ካለ ፋይሉ አለ። ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ እንደተቀመጠ የተጻፈባቸው ካርዶች በመሳቢያ ሙሉ ነበሩት። መደርደሪያው ተቃጥሎ አመድ ቢሆን እንኳ ካርዱን አውጥቶ «ይኸው፣ አለ» የሚል ሰው ነው።

እህቴ ጥልፍ ሠሪ ናት። በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ መኪና አላት፤ ንድፉን እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ስፌት በስፌት ትደረድራለች፣ መኪናው እንደታዘዘው ይወጋል። አንዲት ቅጠል ሁለት ቀን ትፈጅባታለች። ሁለት ወፎች ያሉበት አንድ ንድፍ ስምንት ወር ፈጅቶባታል። እንዲህ እያለች በአሥራ አንድ ዓመት ስድስት መቶ ንድፍ ሠርታለች፣ ሁሉም ሳሎን ጥግ ባለች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ። ያቺ ኮምፒውተር ብትሞት እህቴ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ ስለዚህ የንድፎቿ ኮፒ የሚቀመጥበት ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገዛች። ጥፋቷ ለባሏ መስጠቷ ነው።

እኔ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ከቤታቸው የሦስት ደቂቃ መንገድ ነው። ለእኔ ያልሰጠችው ሊቁ ስለሚቀየም ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራ የለውም፣ ኩርፊያው ደግሞ ሳምንት ይቆያል። እናም ቅዳሜ ጠዋት የኮፒ ሰዓት ሆነ። ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ በር ይዘጋል፣ እህቴ ከመኪናዋ ትነሳለች። ሊቁ መነጽሩን ይወለውላል። ሲጨርስ ዲስኩ ላይ ቀኑን የጻፈበት ወረቀት ይለጥፋል፣ በነጭ ጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እህቴን አህያ ማለቴ አይደለም፣ ስለ ባልየው ነው የማወራው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ እህቴ ሱቄ ድረስ መጣች።

«ወንድምዬ፣ እስቲ መጥተህ እየው። ደህና አድርጎ ነው የሚገለብጠው? ልቤ አላምን አለኝ።»

ሄድኩ። ሊቁ ወንበሩ ላይ ተኮፍሶ ነበር። ከኋላው ስቆም ዞሮ እንኳ አላየኝም።

«አንተ የምታውቀው የተሰበረ ነው» አለኝ። «እኔ ደግሞ እንዳይሰበር ነው የምሠራው። ጠጋኝ ስለ መዝገብ ምን ያውቃል?»

ከዚያ ሠራው። ለእያንዳንዱ ንድፍ ስክሪኑ ላይ አንድ አንድ ምልክት አስቀምጧል፣ ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት። ሾርትከት ነው የምንለው፤ ፋይሉ የት እንዳለ ትጠቁማለች እንጂ ውስጧ ምንም የለም። ሰውዬው ካርድ ነው የሠራው! ስድስት መቶውን ምልክት ሰብስቦ ወደ ዲስኩ ጎተተ፣ ዓይኔን ከድኜ ሳልገልጥ አለቀ። የቤቱን ቁጥር ከበሩ ላይ ነቅሎ ቤቱን ተሸክሜ ሄድኩ እንደማለት ነው።

«አየህ ፍጥነቱን?» አለኝ።

«አየሁ ጋሼ። እርስዎ እኮ ሊቅ ነዎት።»

እህቴ ኮሪደር ላይ ይዛኝ «ደህና ነው?» አለችኝ።

«ሊቁ እያለልሽ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አልኳት።

ፈገግ አለች፣ ልቧ አረፈ። እኔም ሄድኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ያቺን ጨርቅ ሲፈታና ባዶ ሲሆንበት ማየት ፈልጌ ነበር። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ባየሁት ቁጥር ያንን ቀን እያሰብኩ በልቤ እስቅ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ኮምፒውተሯ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረች፤ ከሰዓት ላይ ዝም አለች። ሱቄ ወስጃት ውስጧ ያለውን ዲስክ ነቀልኩት። ሁለት ቀን ታገልኩት፣ ከእኔ የሚሻሉ ሁለት ባለሙያዎችም አዩት። ውስጡ ያለችው፣ ፋይሉ ሁሉ የሚጻፍባት ሳህን ተፍቃለች፣ ምንም አይወጣም አሉኝ። እህቴ በየመሃሉ እየደወለች የምታጽናናኝ እሷ ነበረች። «አትጨነቅ፣ ኮፒው አለን እኮ» ትለኛለች።

ሐሙስ አዲስ ዲስክ ገጥሜ ኮምፒውተሯን መለስኩ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ወስኛለሁ፦ ውርደቱ ሁሉ የሊቁ ይሆናል። ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?

ሊቁ ጨርቁን ፈታ። ዲስኩን ሰካ። ስድስት መቶው ምልክት ከነቀስቱ ተደርድሮ ወጣ።

«ይኸው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

የመጀመሪያውን ነካ። «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሁለተኛውን ነካ። አሥረኛውን። ሃያኛው ላይ መነጽሩን አውልቆ ወለወለና እንደገና ሞከረ። ይህን ቀን ነበር ስመኝ የኖርኩት። ምንም አልጣመኝም። አፌ ግን ለዓመት ያዘጋጀውን አልተወም።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮፒ አይደለም» አልኩት። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። እዚህ ውስጥ አንድ ክር እንኳ የለም። ማንም ሰው ሰዓቱን አይቶ ያውቀዋል እኮ! እውነተኛ ኮፒ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይፈጅብዎት ነበር።»

የመለሰችው እህቴ ናት።

«ግማሽ ሰዓት?» አለች።

የኮምፒውተሯን ገመድ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ያን ቅዳሜ ከኋላው ቆመህ ነበር። እኔ ውሃ ቀድቼልህ እስክመለስ ጨርሷል። አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ጠይቄህ ነበር፣ አይደል?»

«ጠይቀሽኛል፣ እትዬ።»

ሊቁ በመሃል ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን ገባ። «ተዪው እባክሽ» አላት። «ልጁ ምን ያድርግ? እሱ ጠጋኝ ነው፣ ስለ መዝገብ ምን ያውቃል?»

ከልቡ ነበር። ሊከላከልልኝ ነው።

«ያውቅ ነበር» አለች እህቴ። «የማታውቀው አንተ ነህ።»

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሶፋው ላይ ያለውን ትራስ አነሳች፣ ሁለቱ ወፎች የተጠለፉበትን። መብራቱን አስጠጋች፣ ማጉያ መነጽሯን ለባሏ ሰጠችው፣ ራሷ ደብተርና እርሳስ ያዘች።

«ና፣ ንድፉን ከዚህ ላይ መልሰን እናውጣው፤ ከክንፉ ጫፍ ጀምር» አለችው። «አንተ ስፌቱን ቁጠር፣ እኔ ልጻፍ።»

«እኔ ልቁጠርልሽ» አልኩ። «ዓይኔ ከሱ ይሻላል።»

«አንተ ሂድ፣ ሱቅህን ክፈት።»

ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ በሩ ሄድኩ። ሊቁ ትራሱ ላይ አጎንብሶ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ መዝገብ ቤት እንደለመደው። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ። ዘለለ። ይሄ ሰውዬ መቁጠር እንኳ አይችልም። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እህቴ ግን ቀና ብላም አላየችኝ።

«ሃያ» አለችው ቀስ ብላ፣ ጻፈችውም።