በሳሎናችን ያለፈው ወንዝ

ባለቤቴ የመሬት ቀያሽ ነው። ሌላ ሰው ቤት ሊቀይር ሲል ዕቃ ያስራል። የኔው ጉድ ግን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ያዛወረው ዕለት ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋ፣ ምንጣፉን ጠቀለለና የምንሄድበትን ከተማ ሳሎናችን ወለል ላይ በጠመኔ ማስመር ጀመረ። «መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ነው የምንመርጠው» አለኝ። እዚያ ልጅ የሚማረው ቤቱ ባለበት ቀጠና ነው፤ ከተከራዩ በኋላ ትምህርት ቤት ላማርጥ ማለት ዘበት ነው።

እኔ ዳቦ ቤት እሠራለሁ። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ቀትር ላይ ስለምመለስ፣ ከሰዓቱን ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ በሰመመን ነው የማሳልፈው። ስለዚህ ያቺ ከተማ ግማሿ የተሠራችው በእንቅልፌ ውስጥ ነው። ዓይኔን ስከድን የጠመኔው ፍጭርጭርታ ይሰማኛል፤ ስገልጥ አንድ መንገድ ተጨምሯል። ደግሞ ስከድን፣ ስገልጥ፣ ጠረጴዛው እግር ሥር ድልድይ በቅሏል። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው በመንገዶቹ ይሄዳሉ፤ የመስኮቱም ብርሃን ቀስ እያለ ከሰፈር ሰፈር ይሻገራል።

ባለቤቴ ሄዶ አይቶ መጥቷል። በየትምህርት ቤቱ በር ቆሞ ልጅ የሚጠብቁ ወላጆችን በጥያቄ ሲያደርቅ ከርሟል፤ መምህራኑ ሳይለቁ ይበረክታሉ ወይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለልጆች ነው ወይስ ለእንግዳ ብቻ ነው የሚከፈተው እያለ። ከሁለቱ ቀጠናዎች የላይኛው በሁሉም ይበልጣል። አንድ እንከን ብቻ አለው፦ በመካከሉ ወንዝ ያልፋል፤ ትንንሾቹ ከወንዙ ወዲህ፣ ትልልቆቹ ከወንዙ ወዲያ ነው የሚማሩት። የታችኛው ውጤቱ እንደነገሩ ነው፤ ግን ትንሹም ትልቁም አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

እኔ የታችኛውን አልኩ። ምክንያቴ ልጄ ናት።

ጭምቷ እንላታለን። ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ከቤት ውጭ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ቤትም ውስጥ ቢሆን የምታንሾካሹከው ለታላቅ ወንድሟ ጆሮ ብቻ ነው። ውኃ እንደጠማት የሚነግረን እሱ፣ በእረፍት ሰዓት እየሮጠ ሄዶ ለመምህሯ የሚያስረዳላትም እሱ። አፈ ጉባኤ ብለን ስም አወጣንለት። የባለቤቴ እህት «ተያት እባክሽ፣ ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች። እኔ ከዱቄት ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ የማይነቅዝ ነገር ገና አላጋጠመኝም።

«ከወንድሟ ነጥለህ ልጄን ድዳ ልታስቀራት ነው?» አልኩት።

«እስከ መቼ በሱ አፍ ትኖራለች?»

«እስክትችል!»

«አንቺ ደግሞ አንዴ ከያዝሽ…» ብሎ ተመልሶ ተንበረከከ። ከሱ ጋር መከራከር ውኃ ወቀጣ ነው። ብግን ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩና ተኛሁ።

ስነቃ ወንዙ ተሰምሯል። ሰማያዊ ጠመኔ ከየት እንዳመጣ እንጃለት፤ ወንዙ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ በጓዳው በር ይወጣል። አፈ ጉባኤ ከወንዙ ወዲያ፣ ትልልቆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል። ጭምቷ ከወንዙ ወዲህ፣ እኔ አጠገብ፣ የትንንሾቹ ትምህርት ቤት በሆነችው ትንሿ አራት ማዕዘን ውስጥ ቆማለች። ወደ ወንድሟ ልትሄድ እግሯን አነሳችና ውኃውን አይታ መለሰችው። ድልድዩን ደግሞ አባቷ ተንበርክኮ እያስተካከለ ዘግቶታል። ለሷ የእውነት ወንዝ ነበር። ለኔም ሳይሆን አይቀርም፤ በሰመመኔ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሹክሹክታዋ አልተሻገረም፤ እሱ ገጽ ገለጠ። ልነሳላት አልኩ፣ ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ።

«አፈ ጉባኤ!»

ድምጿ ጎርነን ያለ ነበር። እኔ በሐሳቤ ሁሌ የምሰማው የድሮውን ቀጭን ድምፅ ነበር። ጠመኔው ከአባቷ እጅ ወድቆ ተሰበረ።

«አቤት!» አለ ወንድሟ ቀና ብሎ።

«ውኃ ጠማኝ!»

«እማዬ አጠገብሽ አይደለች እንዴ? ለሷ ንገሪያት» አለና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

ዞር ብላ አየችኝ። በሷና በኔ መካከል ወንዝ የለም፤ ርቀታችን ክንድ አይሞላም። ቢሆንም ብዙ ቆየች።

«እማዬ፣ ውኃ» አለችኝ።

ጓዳ ገብቼ ውኃውን እየቀዳሁ አለቀስኩ። ወንድሟ አጠገቧ እስካለ ድረስ ድምፅ ምን ያደርግላታል? ይህ እንዲታየኝ ባለቤቴ ሳሎኔን ማበላሸት ነበረበት። ስመለስ ቢያፌዝብኝ ብርጭቆውን ልደፋበት ቆርጬ ነበር፤ ግን እሱም ዓይኑን በጠመኔ እጁ እየጠራረገ ፊቱ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል።

«የላይኛው ቀጠና ይሁን» አልኩት።

ጭምቷ ውኃውን እስከ ጠብታው ጨልጣ ብርጭቆውን ዘረጋችልኝ።

«ጨምሪልኝ» አለች። የጠማት አይመስለኝም።