የመቃኑ ሁለት ቀዳዳ

ከመንገዱ ማዶ የቆመው ጎረምሳ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ ዮላንድ የምኩራቡን በር እጀታ አጥብቃ ያዘች። አሥር ደቂቃ ሙሉ እዚያው ቆሟል። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ከባድ ቦርሳ አንግቶ፣ አውቶቡስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሲሄድ አልተሳፈረም። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው አውቶቡስ ሲመጣ ይሳፈራል። ይህን ዮላንድ ታውቃለች፤ ማርሴይ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት።

ከሁለት ወር በፊት በሩ ላይ እሳት ከተለኮሰ ወዲህ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ወንዶቹ ውስጥ ሲጸልዩ ደጁን የምትጠብቀው እሷ ናት። የምኩራቡ ስም ያለበት ሰሌዳ ወርዷል። በሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ዛሬም ጥላሸት ጥላሸት ይሸታል። በቀኙ መቃን ላይ ተመትታ የነበረችው፣ የኦሪት ቃል የተጻፈበትን ብራና የያዘችው ትንሽ ማኅደር ተቃጥላ፣ ምትኳ ገና ከብራና ጸሐፊው እጅ አልወጣችም። የቀሩት ሁለት የምስማር ቀዳዳዎች ናቸው፤ እነሱም ቀለም ለብሰው ቀርበው ካላዩዋቸው አይታዩም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሳት እንዳልለኮሰ ዮላንድ አታጣውም። የትኛው እንደለኮሰ ስላልታወቀ ግን ሁሉንም ትጠረጥራለች፤ ድሮ ሰላም እያላት የሚያልፈውን፣ አሁን አስፋልት አስፋልቱን የሚያየውን ባለ ውሻ ጎረቤት ሳይቀር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

በሩ ከኋላዋ ተከፈተና ወንድሟ ገብርኤል ብቅ አለ።

"እትዬ፣ ዘጠኝ ነን።"

"ቆጥሬያለሁ።"

"ሁለቱ ሥራ ሊገቡ ሰዓታቸው ደርሷል። አሁን አንድ ሰው ካልተገኘ..."

መጨረስ አላስፈለገውም። ዛሬ የአባታቸው የመጀመሪያው ሙት ዓመት ነው። ልጅ ለሞተ አባቱ የሚያደርሰው ካዲሽ አሥር ወንድ ካልቆመ አይባልም። ገብርኤል ለዚህች ሁለት ደቂቃ ለማትሞላ ጸሎት ሲል ከሊዮን ድረስ መጥቷል። ዮላንድ ሴት ናትና አትቆጠርም። በልጅነቷ ይህ ያናድዳት ነበር፤ ዛሬም ያናድዳታል። ድሮ ሐሙስ ጠዋት አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ሰው አይጠፋም ነበር። ከእሳቱ ወዲህ ግን የሰው ሁሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ታመመ።

"ዮላንድ!" ብለው ከውስጥ ጮኹ አባባ ሃይም፣ የምኩራቡ አዛውንት። "ሰይጣንም ቢሆን፣ ከተገረዘ አስገቢው!"

ይህን ጊዜ ጎረምሳው መንገዱን ተሻገረ።

"ግባና ቆልፈው" አለችው ገብርኤልን።

ጎረምሳው መቃኑ አጠገብ ሲደርስ በእጇ አስቆመችው።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"እንደምን አደሩ። ለጸሎት ነበር።"

"እዚህ ጸሎት እንዳለ ማን ነገረህ?"

"ጎናችሁ ያለው ፎቅ ላይ አሳንሰር እየጠገንኩ ነው። ሰዎቹ ጠዋት ጠዋት ሲገቡ አያለሁ።"

ዮላንድ ዓይኗን ቦርሳው ላይ ጣለች። የሰው መግቢያ ሰዓት የሚያጠና ሰው ለምን እንደሚያጠና ከሁለት ወር በፊት አይታለች።

"ቦርሳህን ክፈት።"

ሳይከራከር ከፈተው። መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ጥቅልል፣ ስለታም መቁረጫ።

"ስምህ ማነው?"

"ባስትያን ሮሽ።"

"ይሄ የእኛ ሰው ስም ነው?"

"የአባቴ ነው። ከእናንተ የሆነችው እናቴ ናት። የእናቴ እናትም፤ ባሕር ማዶ፣ ኦራን ከተማ ነው የተወለደችው።"

አይሁድነት የሚቆጠረው በእናት ነው፤ ነገሩ እውነት ከሆነ ከአሥሩ ይቆጠራል።

"ከእናንተ? ወይስ ከእኛ?"

"እሱን አላውቀውም" አለ ባስትያን፤ ፊቱ ቀላ።

"አያትህ ዓርብ ማታ ምን ታደርግ ነበር?"

"ሻማ ታበራ ነበር መሰለኝ። ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር።"

"በሚመጣው ሳምንት ምን በዓል አለ?"

"አላውቅም።"

ክፉ ሰው ቢሆን አጥንቶ ይመጣ ነበር፣ አለች በልቧ። ቀጥሎ ደግሞ ብልጥ ክፉ ሰው እንዲህ ብላ እንድታስብለት ሳያጠና ይመጣል አለች። ሁለት ወር ሙሉ ሐሳቧ እንዲህ እየተጠማዘዘ እንቅልፍ ነስቷታል።

"እስከ ዛሬ የት ነበርክ? ለምን ዛሬ መጣህ?"

ባስትያን ጫማውን አየ።

"ሥራ ቦታ ያሉት ልጆች ስለ አይሁድ ይቀልዳሉ። በየቀኑ። የዚህ በር ነገር ሲነሳ አንዱ 'ምነው ሰዎቹ ውስጥ እያሉ በተቃጠለ' አለ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"ሳቅኩ።"

ዮላንድ ክፍቱን ቦርሳ ትታ ፊቱን አየችው።

"ትናንትም ሳቅኩ" አለ። "ቤት ገብቼ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።"

አፈረች፤ ያፈረችው ግን በእሱ አልነበረም። እሳቱ በተለኮሰ ማግስት የሥራ ባልደረባዋ "የተቃጠለው ምኩራብ እናንተ ሰፈር ነው አይደል?" ሲላት "ኧረ እኔን አይመለከተኝም" ብላ የአውቶቡሷን ሞተር አስነስታ ሄዳለች። አባቷ በገዛ እጁ አናጢ ሆኖ የሠራውን በር ነበር አይመለከተኝም ያለችው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።

ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው።

"የማላውቀውን ሰው አላስገባም። ስልክ ደውለህ ተመዝገብና ለሳምንት ና።"

"ገባኝ" አለ። አልተቆጣም። ቦርሳውን ዘግቶ አነገተ። ሊሄድ ሲል ቀኝ እጁ ብድግ አለና መቃኑን ነካ፤ በትከሻው ልክ፣ ልክ ሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ። ጣቶቹን ወደ ከንፈሩ ወስዶ ሳመ። ይህን ሲያደርግ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

"ምንድነው ያደረግከው?"

"ምኑን?" እጁን አየ። "ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አያቴ አቅፋ ብድግ ታደርገኝና ታስነካኝ ነበር። አሁንም ምንም የሌለበት በር ላይ ሳይቀር እጄ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ግን ነግራኝ አታውቅም።"

ቦታውን እሳት የለኮሰውም ያውቀዋል፣ አለች በልቧ። እሱ ግን ጣቱን ወደ ከንፈሩ አይወስድም።

"ቦርሳህን አስቀምጥ።"

"እ?"

"ቦርሳው እዚህ ይቀራል። አንተ ግባ።"

ባስትያን ግራ እንደገባው ቦርሳውን አወረደ። ዮላንድ አንኳኩታ ገብርኤል በሩን ከፈተ፤ ልጁ ደፉን ሲረግጥ እንደ ጨዋ ልጅ ኮፍያውን ሊያወልቅ እጁን አነሳ።

"ልታሳብደኝ ነው? ቤተ ክርስቲያን መሰለህ? እንዳታወልቅ!"

ውስጥ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ። "አሥር!" አሉ አባባ ሃይም። "ረጅምም ነው፤ አሥር ተኩል በሉት!"

ከዚህ በኋላ በሩ ተቆልፎ ጠባቂው ውጭ መቆም አለበት። ሕጉን ስብሰባ ላይ ያወጣችው ራሷ ዮላንድ ናት። እጀታውን ልትስብ ስትል የገብርኤል ድምፅ ካዲሹን ጀመረ፤ እንደ አባታቸው ከፍ ብሎ። ባለ ውሻው ጎረቤትም ያን ጊዜ ከማዶ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

"በሩ ክፍት ነው" አለ። መምከሩ ይሁን መዛቱ አልገባትም።

ዮላንድ ጎንበስ ብላ የባስትያንን የመሣሪያ ቦርሳ አነሳች። በሩን እስከ ግድግዳው ገፋችና በሩ እንዳይመለስ ቦርሳውን ሥሩ አኖረችው።

"አውቃለሁ" አለችው። "ምኩራባችን ነው። ዛሬ የአባቴ ሙት ዓመት ነው።"

ሰውየው አልሄደም። ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል፣ ወንድሟ የሚያርፍበትን ቃል ጠብቃ፣ መንገዱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "አሜን" አለች።