ሠላሳ አንደኛው ትርጉም

በእንግሊዝኛ «ቴክ» የምትባል ቃል አለች። ስትታይ ቀላል ናት። የትኛውም ተማሪ እጁን አውጥቶ «መውሰድ ማለት ነው» ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። እኔም ከዚያ ተማሪ አልሻልም ነበር። የመዝገበ ቃላታችን ዋና አዘጋጅ ቃሏን ሲሰጠኝ በሁለት ሳምንት ጨርሼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ ብዬ ፎከርኩ። ሁለት ዓመት ፈጀችብኝ።

መያዣ መጨበጫ የላትም። ሰው ኪኒን ሲውጥ እሷ ናት፤ አውቶቡስ ሲሳፈር እሷ ናት። ፎቶ ሲያነሳ፣ ፈተና ሲፈተን፣ ወንበር ሲይዝ፣ ምክር ሲሰማ፣ በትንሽ ነገር ሲቀየም፣ ልጅ እናቱን ሲመስል፣ ሥራ ጊዜ ሲፈጅ፣ ሁሉም ጋ ገብታ ትገኛለች። አማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ግስ አለው። እንግሊዝኛ ግን ሰነፍ ነው፤ አንዲቷን ምስኪን ቀኑን ሙሉ ሲያሯሩጣት ይውላል። ስልሳ ሰባት ትርጉም ቆጠርኩላት። የቢሯችን ጸሐፊ «ባለ ስልሳ ሰባቱ መጡ» እያለች ታሾፍብኛለች፤ አፏ ለከት የለውም።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ትርጉም አንድ የጫማ ካርቶን አለ። ከየቦታው ምሳሌ የሚልኩልን ሰዎች በትንሽ ካርድ ላይ ቃሏ ያለችበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ከጀርባው ስማቸውንና ቀኑን ያሰፍራሉ። እኔ አነብና በቀይ እርሳስ የትርጉሙን ቁጥር ጽፌ ካርቶኑ ውስጥ እጥለዋለሁ። አንድ ካርቶን ሲሞላ ለላኪው ማኅተም ያለበት የታተመ ወረቀት ይሄዳል። «ለዚህ ትርጉም በቂ ምሳሌ ስላለን እባክዎ ሌላ ይላኩልን» ይላል። ስም የለው፣ ፊርማ የለው።

ከላኪዎቹ ሁሉ ታላቅ እህቴን የሚያህል አልነበረም። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አሥራ ዘጠኝ። ትዳሩንም ምኑንም ትታ እኔን አሳደገች። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ የመጀመሪያ ተማሪዋ እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ በአባታችን ቤት ብቻዋን ነው የምትኖረው። በአውቶቡስ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። አምስት ሰዓት! በነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ ቀን ብቅ አላልኩም። ስትደውል «ሥራ ላይ ነኝ» እላታለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም እየሳቅሁ፣ «እትዬ፣ የምትነግሪኝ ካለ በካርድ አድርጊና ላኪልኝ፤ ለእኔም ሥራ ይቀልልኛል» አልኳት።

እየቀለድኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስልኳ እየራቀ፣ ካርዷ እየበዛ ሄደ። እህቴ በሕይወቷ ማንንም «እባክህ» ብላ የማታውቅ ሴት ናት። በካርድ መጻፉ ሳይቀላት አልቀረም።

ባለፈው ወር ቃሏ አለቀች። ዋና አዘጋጁ በመግቢያው ላይ ምሳሌ የላኩትን ሰዎች እናመሰግናለን፣ እያንዳንዱ ስንት ካርድ እንደላከ ይታወቅ አለ። ጸሐፊዋ የእህቴን ካርዶች ከስልሳ ሰባቱ ካርቶን ለቃቅማ አወጣች። ሥርዓት ስለምትወድ በየቀናቸው ደረደረቻቸው። ከዚያ ይመስለኛል ማንበብ የጀመረችው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ የእህትዎ ዓይን እንዴት ሆነ?»

«የምን ዓይን?»

ትኩር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ የለመድኩት ፌዝ አልነበረም። የካርዶቹን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ካርድ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም በእጄ አልፈዋል። ወደ አማርኛ ሲመለሱ እንዲህ ይላሉ። «ሰሞኑን አንድ ገጽ ማንበብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል።» በቀይ እርሳስ አሥራ ሁለት ብዬበታለሁ፤ ጊዜ መፍጀት። «ሐኪሙ የዓይኔን ግፊት ለካ።» ሃያ ስምንት። «መድኃኒቱን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ።» ስድስት። «ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት አይፈጅም አሉኝ።» አሁንም አሥራ ሁለት። «ወንድሜ እናታችንን ይመስላል።» አርባ አራት። በዚችኛዋ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቆንጆ ምሳሌ ነው ብዬ ከሥሯ አስምሬባታለሁ።

ቀጥሎ ያለው ካርድ «ሆስፒታል የሚወስደኝና ስለ እኔ የሚፈርም ዘመድ ያስፈልገኛል» ይላል። ሠላሳ አንድ ብዬዋለሁ፤ ሰውን ወደ አንድ ቦታ ማድረስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ «ሐሙስ ወንድሜ ይወስደኝ ይሆን?» ሠላሳ አንድ። ከወር በኋላ፣ «ወንድሜ እስኪወስደኝ እጠብቃለሁ።» ሠላሳ አንድ።

የሠላሳ አንድ ካርቶን ሞልቶ ነበር። ባለማኅተሙን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትቼ የላክሁላት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ። «እትዬ እንደምን አለሽ» የምትል አንዲት መስመር እንኳ ከሥሩ አልጨመርኩም።

ከዚያ ወዲያ ስለ ራሷ አንድም ቃል አልጻፈችም። ስለ ባቡር፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ፎቶ ብቻ። ፊደሏ እየተለቀ፣ መስመሩ እየተንጋደደ ሄደ። ጽሕፈቷ አላስነብብ ሲለኝ እነጫነጭ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከአራት ወር በፊት መላክ ስታቆም ደግሞ ሰልችቷት ነው ብዬ ተውኩት። ቃል በቃል አንብቤያት እህቴን አላነበብኳትም፤ ለዚህ ምን ዓይነት ይቅርታ እንደሚጠየቅ አላውቅም።

አለቃዬን ሳላስፈቅድ ጥቅሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። አውቶቡሱ ገና ሳይሞላ ገብቼ ተቀመጥኩ። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከከፈተችው በኋላ። ሁለት እርምጃ አንራራቅም።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ማሙሽ!»

ስልሳ ሊሞላኝ ነው፤ ለእሷ ማሙሽ ነኝ። ልትጨብጠኝ እጇን ዘረጋች። እጇ በጎኔ አልፎ ሄደ። እኔ ነኝ ዞሬ የያዝኩት።

ቤቱ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነበር። ወንበሮቹ ግን ሁሉም ግድግዳ ተጠግተዋል፤ እንዳያደናቅፏት መሆኑ ገባኝ። አስቀመጠችኝ። ውሃ ልትጥድ ስትል ከለከልኳት።

«ቀኙ ከጠፋ ቆየ። ግራው ጥላ ጥላ ያሳየኛል» አለችኝ፤ ስለ ተቃጠለ አምፖል የምታወራ ነው የሚመስለው።

«አሁንስ ቀዶ ሕክምናው?»

«ጊዜው አልፏል አሉ። ያኔ ቢሆን የቀረውን ያቆየልኝ ነበር።»

«ጎረቤት አጥተሽ ነው?» አልኳት። ይህን በመጠየቄ እስካሁን አፍራለሁ።

«ጎረቤትማ እንውሰድሽ ብሎ ለምኖኛል። ወንድሜ ይመጣል እያልኩ እኔው መለስኳቸው።»

የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ያ ወረቀት በማኅተም ሲመጣልኝ ነው የገባኝ። ካርዶቹን የሚያየው ሌላ ሰው ነው፣ አይደል? አንተ ዋናውን ሥራ ነው የምትሠራው።»

የማምለጫውን በር ራሷ ከፈተችልኝ። «አዎ» ብል ያበቃል። ጥቅሉ እግሬ ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ብዘረግፈው እንኳ የቀይ እርሳሴን ቁጥር አታየውም። ማን ያውቅብኛል? እሷ ወንድሟን እንደያዘች ትቀራለች፤ እኔም ሳላፍር እመለሳለሁ። «አ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ግን አንገቷን ወደ ድምፄ ዘንበል አድርጋ ስትጠብቀኝ አየሁ። አቃተኝ።

«የማየው እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንድ በአንድ።»

እጇ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ብትቆጣኝ በወደድኩ ነበር።

«ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለጎረቤቱም ለሐኪሙም፣ ማሙሽ ካርዱን አላየውም፣ ቢያየውማ ሳይውል ሳያድር ይመጣ ነበር ስል ኖርኩ። አሁን ምን እላቸዋለሁ?»